ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ለጀማሪዎች፦ ከሒሳቡ እስከ ክሎዚንግ

«ፍሊፕ ለመጀመር ስንት ብር ያስፈልገኛል?» ፍሊፕ ማለት ቤት ገዝቶ፣ አድሶ መሸጥ ነው፤ ይህን የማልጠየቅበት ሳምንት የለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ይደውላሉ፣ ከአሌክሳንድሪያ ይደውላሉ፣ ከባልቲሞር ይደውላሉ። አብዛኛው ሰው ሲጠይቅ በልቡ የያዘው ዳውን ፔይመንቱን ነው። ዳውን ፔይመንት ግን በእጃችሁ መኖር ካለበት ካሽ ሩቡ ያህል ብቻ ነው። ጀማሪ የሚወድቀው ቤቱን መግዛት አቅቶት አይደለም። ግድግዳው ፈርሶ፣ ቧንቧው ተቆርጦ፣ ሠራተኛው ቆሞ እያለ ካሽ ሲያልቅበት ነው። ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ከሠራችሁ እዚያ ላይ አትደርሱም።

ምሳሌዎቼ ከሜሪላንድ፣ በተለይ ከፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ናቸው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የታክሱንና የላይሰንሱን ሕግ የየራሳችሁን ተመልከቱ። የሒሳቡ አካሄድ አይለወጥም።

መጀመሪያ የሚያስፈልጉ ነገሮች

ሰዎች፦
- ከኢንቨስተሮች ጋር የሠራ ኤጀንት
- ታይትል ካምፓኒ (የባለቤትነት መዝገቡን የሚፈትሽና ሽያጩን የሚያስፈጽም)
- የሪል ስቴት ታክስ የሚያውቅ ሲፒኤ (የሒሳብና የታክስ ባለሙያ)
- ላይሰንስ ያለው ኮንትራክተር
- ለባዶ ቤት ኢንሹራንስ የሚጽፍ ኤጀንት
- አበዳሪ

ወረቀት፦
- የሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት
- የሁለት ዓመት የታክስ ሪተርን
- የኤል ኤል ሲ፣ ማለትም ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ወረቀት (አብዛኛው ሃርድ መኒ አበዳሪ፣ ማለትም ለአጭር ጊዜ በከፍተኛ ወለድ የሚያበድር የግል አበዳሪ፣ ለግለሰብ ስም አያበድርም)
- የገንዘብ ማስረጃ ደብዳቤ (ካሹ ባንክ ውስጥ መኖሩን የሚያሳይ)

ቤት ለማየት ስትሄዱ በቦርሳ የሚያዝ፦
- ደማቅ ባትሪ
- ትንሽ ማግኔትና ሳንቲም
- ሜትር
- ሶኬት መሞከሪያ
- ብይ

1. መሸጫ ዋጋውን ከመግዛታችሁ በፊት እወቁ

ቤቱ ታድሶ ሲያልቅ ስንት ያወጣል? ፍሊፐሮች ኤ አር ቪ የሚሉት ይህንን ነው። ብድሩም፣ የእድሳቱ መጠንም፣ የምትገዙበት ዋጋም የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ነው። እሱ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይሳሳታል።

ኤጀንታችሁ ከብራይት ኤም ኤል ኤስ (ኤጀንቶች የሚጠቀሙበት የቤት ሽያጭ መዝገብ) ላይ ቢያንስ ሦስት ቤት ያውጣላችሁ። በግማሽ ማይል ውስጥ ያሉ፣ ባለፉት ስድስት ወራት የተሸጡ፣ የታደሱና ስፋታቸው የሚቀራረብ ይሁኑ። ታውንሃውስን ከታውንሃውስ፣ ለብቻው የቆመውን ከቢጤው ጋር አወዳድሩ። አሁን ለሽያጭ የወጣ ቤት ላይ የተለጠፈው ዋጋ የሻጩ ፍላጎት ነው። እናንተ የተሸጠበትን ብቻ ቁጠሩ። የዚሎን ግምትም ለመነሻ ያህል እዩት እንጂ አትመኑበት፤ የቤቱን ውስጥ ገብቶ ያየ ማንም የለም።

ቤዝመንት ላይ ተጠንቀቁ። አፕሬይዘሩ፣ ማለትም የቤቱን ዋጋ የሚገምተው ባለሙያ፣ ከመሬት በታች ያለውን ክፍል ከዋናው ስፋት ጋር አይደምርም። ለብቻው፣ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገምተው። ላይኛው 1,100 ካሬ ጫማ፣ ቤዝመንቱ 1,000 ከሆነ ቤታችሁ 2,100 ካሬ ጫማ ነው ብላችሁ ከትልልቅ ቤቶች ጋር አታወዳድሩት። ጀማሪ ኤ አር ቪን የሚያጋንነው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው።

2. ከፍተኛውን የመግዣ ዋጋ አስሉ

ፍሊፐሮች ለፈጣን ማጣሪያ የሚጠቀሙበት የ70 በመቶ ስሌት ነው። የኤ አር ቪውን 70 በመቶ ወስዳችሁ የእድሳቱን ወጪ ትቀንሳላችሁ። ኤ አር ቪው 400,000 ዶላር፣ እድሳቱ 70,000 ቢሆን፦

400,000 × 0.70 = 280,000
280,000 − 70,000 = 210,000

ከ210,000 ዶላር በላይ አትከፍሉም። ሌላ ሰው 240,000 ካቀረበ ቤቱ የእሱ ይሁን። የሚቀረው 30 በመቶ ሁሉ ትርፍ እንዳይመስላችሁ። ከፊሉ ወለድ ነው፣ ከፊሉ ኮሚሽን፣ ከፊሉ ታክስ። ስሌቱ ቤቱን ማየት የሚያዋጣ መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ውሳኔው በሚቀጥለው ደረጃ ነው።

3. ሙሉ ሒሳቡን በመስመር ጻፉት

ያንኑ ቤት እንውሰድ። ስድስት ወር ይፈጃል እንበል። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፤ የእናንተን ተኩበት።

- መግዣ፦ 210,000
- እድሳት፦ 70,000
- መጠባበቂያ፣ የእድሳቱ 15 በመቶ፦ 10,500
- የመግዣ ክሎዚንግ (ቤቱ በፊርማ የሚዛወርበት ቀን) ወጪ፦ 6,000
- ሁለት ፖይንት (አበዳሪው በቅድሚያ የሚወስደው 2 በመቶ) በ259,000 ብድር (የመግዣው 90 በመቶና ሙሉው እድሳት) ላይ፦ 5,180
- ወለድ በ12 በመቶ፣ ስድስት ወር፦ 15,540
- ንብረት ታክስ፣ ኢንሹራንስ፣ መብራትና ውሃ (በወር 850)፦ 5,100
- ኮሚሽን 5 በመቶ፦ 20,000
- የመሸጫ ክሎዚንግ ወጪ፦ 6,000
- ለገዢው የክሎዚንግ እርዳታ 2 በመቶ፦ 8,000

ድምሩ 356,320 ዶላር ነው። በ400,000 ከተሸጠ ከታክስ በፊት 43,680 ይቀራል።

አሁን ያንኑ ወረቀት አንድ ጊዜ በክፉ ቀን ሒሳብ ሥሩት። ቤቱ በ380,000 ቢሸጥስ? ኮሚሽኑና ሌላው የሽያጭ ወጪ ትንሽ ቀንሶ ትርፉ ወደ 25,380 ይወርዳል። ላዩ ላይ ሦስት ወር ቢዘገይስ? በየወሩ ወለዱ 2,590፣ ሌላው 850 ነው። ሌላ 10,320 ይሄድና 15,060 ይቀራል። ይህ ቁጥር ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች የሚሆንበትን ቤት አትግዙ። የመሸጫው ዋጋ በአምስት በመቶ መውረድና የሦስት ወር መዘግየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሁሌ የሚያጋጥም ነው።

የክሎዚንግ ወጪውን ታይትል ካምፓኒው በጽሑፍ ያስላላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ስቴቱ 0.5 በመቶ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ደግሞ 1.4 በመቶ የትራንስፈር ታክስ ይወስዳሉ። የሪኮርዴሽን ታክሱ (ሰነዱ መዝገብ ላይ ሲሰፍር የሚከፈለው) ለብቻው ነው። በልማድ ገዢና ሻጭ እኩል ይካፈሉታል። እናንተ ግን ስትገዙም ስትሸጡም ትከፍሉታላችሁ፤ ሁለት ጊዜ አስገቡት።

4. ገንዘቡን አዘጋጁ

*ሃርድ መኒ።* ለመጀመሪያ ፍሊፕ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። አበዳሪው ከደመወዛችሁ ይልቅ ቤቱንና ኤ አር ቪውን ያያል። የመግዣውን 85 ወይም 90 በመቶ፣ የእድሳቱን ደግሞ ሙሉውን የሚሸፍኑ አሉ፤ ድምሩ ከኤ አር ቪው 70 ወይም 75 በመቶ እስካላለፈ ድረስ። ጊዜው ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ነው። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ወለዱ የሚታሰበው በጠቅላላው ብድር ላይ ነው ወይስ በወጣው ገንዘብ ላይ ብቻ? ጊዜው ቢያልፍ ማራዘሚያው ስንት ነው? ቶሎ ብከፍል ቅጣት አለው? ለአንድ ኢንስፔክሽን ስንት ትቆርጣላችሁ?

የእድሳቱ ገንዘብ ክሎዚንግ ቀን እጃችሁ አይገባም። አበዳሪው ይዞት በየደረጃው ይለቀዋል። ድሮው (draw) የሚባለው ይህ ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እናንተ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። ሥራው ያልቃል። ትጠይቃላችሁ። የአበዳሪው ሰው መጥቶ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። ከቀናት በኋላ ገንዘቡ ይገባል። ብዙዎቹ አበዳሪዎች የተገጠመውን ብቻ ነው የሚቆጥሩት። 9,000 ዶላር የወጣበት የኪችን ካቢኔት በካርቶኑ ሳሎን ውስጥ ተደርድሮ ከተገኘ በእነሱ ዓይን ያልተሠራ ሥራ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ደረጃ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የራሳችሁ ካሽ ሊኖር ይገባል።

ለምሳሌው ቤት በእጃችሁ መኖር ያለበት ይህ ነው፦

- ዳውን ፔይመንት 10 በመቶ፦ 21,000
- የመግዣ ክሎዚንግ፦ 6,000
- ፖይንት፦ 5,180
- የመጀመሪያ ደረጃ ሥራ ማስኬጃ፦ 20,000
- መጠባበቂያ፦ 10,500
- የስድስት ወር ወለድና ወርሃዊ ወጪ፦ 20,640

በድምሩ 83,320 ዶላር። «ስንት ያስፈልጋል?» ለሚለው ጥያቄ የዚህ ቤት መልስ ይህ ነው።

*እቁብ።* እቁብ ደርሷችሁ ለቤት ልታውሉት ካሰባችሁ ወረቀቱን ቀድማችሁ አስቡበት። አበዳሪው ስቴትመንታችሁ ላይ ድንገት የገባ ትልቅ ገንዘብ ካየ ምንጩን ይጠይቃል። ከተቻለ በቼክ ወይም በትራንስፈር ተቀበሉ። የከፈላችሁበትን መዝገብና የሰብሳቢውን ፊርማ አስቀምጡ። ካሽ ከሆነም አንድ ላይ አስገቡት። ባንኩ ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ሲገባ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፣ እናንተን ወንጀለኛ አያደርግም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሪፖርቱን ለመሸሽ ብላችሁ ዛሬ 9,000፣ ነገ 8,000 እያላችሁ ከፋፍላችሁ አታስገቡ። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳን መከፋፈሉ ራሱ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

*ከዘመድ መበደር።* ይቻላል፣ ግን በቃል አይደለም። መጠኑን፣ ወለዱን፣ የመመለሻ ቀኑን፣ ቤቱ ቢከስር ማን ምን እንደሚሸከም ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ጓደኞች ገንዘብ አዋጥተው፣ ሥራ ሳይሠሩ፣ ትርፍ የሚካፈሉ ከሆነ ነገሩ የሴኩሪቲ (የኢንቨስትመንት ሽያጭ) ሕግ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ገንዘቡን ከመቀበላችሁ በፊት ጠበቃ አናግሩ።

*ከ401(ኬ) ወይም ከቤታችሁ ኢኩዊቲ።* ከ401(ኬ)፣ ማለትም ከሥራ ቦታ የጡረታ ቁጠባችሁ፣ እስከ 50,000 ዶላር ወይም የእናንተ ከሆነው ሒሳብ ግማሹን፣ ያነሰውን መበደር ይፈቀዳል፤ ፕላናችሁ የሚያበድር ከሆነ ነው። መክፈያው በመደበኛ አምስት ዓመት ነው። ሥራ ብትለቁ ግን ቀሪው ቶሎ ይፈለጋል። ሄሎክ (በቤታችሁ ኢኩዊቲ ላይ የሚሰጥ ብድር) ርካሽ ነው፤ መያዣው ልጆቻችሁ የሚያድሩበት ቤት ነው። ሁለቱንም ለመጠባበቂያ ብቻ ብታውሏቸው እመርጣለሁ።

*83,000 ዶላር ከሌላችሁ።* እየኖራችሁበት አድሱት። ኤፍ ኤች ኤ 203(ኬ) የሚባለው፣ የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው ብድር መግዣውንና እድሳቱን አንድ ላይ ይይዛል። ክሬዲታችሁ 580 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ዳውን ፔይመንቱ 3.5 በመቶ ነው። ግዴታው በ60 ቀን ውስጥ ገብታችሁ ቢያንስ አንድ ዓመት መኖር ነው። ከመሸጣችሁ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ሁለት ዓመት ከኖራችሁበት ደግሞ ላላገባ እስከ 250,000፣ ለባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ትርፍ ከፌዴራል ታክስ ነፃ ይሆናል። ሳትኖሩ «እኖራለሁ» ብሎ መፈረም ግን የሞርጌጅ ማጭበርበር ነው።

5. ቤቱን ከታች ወደ ላይ እዩት

ስትገቡ ቀጥታ ቤዝመንት ውረዱ። ወለሉና ካቢኔቱ አስቀያሚ ቢሆን ግድ የለም፣ እሱን ልትቀይሩት ነው የመጣችሁት። ገንዘብ የሚበላው የማይታየው ነው።

ውሃው ወደ ቤት የሚገባበትን ቧንቧ፣ ቆጣሪው አካባቢ ፈልጉ። በሳንቲሙ ጫፍ ቀለል አድርጋችሁ ፋቁት። እንደ አዲስ ፔኒ ከቀላ መዳብ ነው፤ እሰየው። ግራጫ ሆኖ ማግኔቱ ከተጣበቀበት ጋልቫናይዝድ ብረት ነው። ከውስጥ ዝጎ ይጠብባል። ላይኛው ባኞ ውስጥ ሻወሩን ከፍታችሁ ቶይሌቱን ፍላሽ ስታደርጉ ውሃው ከደከመ ሙሉ ቧንቧ መቀየር በጀት ውስጥ ይግባ። ሲፋቅ ለስላሳ ሆኖ ከውስጡ ብር መስሎ ካብለጨለጨና ማግኔቱ ካልያዘው እርሳስ ነው። እጃችሁን ታጠቡ፣ መቀየሪያውንም ጻፉ። ከ1978 እስከ 1995 በተሠሩ ታውንሃውሶች ውስጥ ግራጫ የፕላስቲክ ቧንቧ ካያችሁ ፖሊቡቲሊን ነው። እሱም ይቀየራል።

ግድግዳው ላይ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ የነጭ ዱቄት መስመር ካለ ውሃ ይገባል ማለት ነው። ታችኛው ሁለት ጫማ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከሆነም ጠርጥሩ። ውጭ ወጥታችሁ መሬቱ ወደ ቤቱ ያዘቀዝቃል ወይ፣ አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው ያርቃል ወይ ብላችሁ እዩ። ችግሩ እሱ ከሆነ በአካፋ ሥራ ያልቃል። ካልሆነ ፍሬንች ድሬንና ሳምፕ ፓምፕ (ውሃውን ሰብስቦ የሚያስወጣ ቦይና ፓምፕ) ነው፤ ብዙ ሺህ ዶላር።

የመብራት ፓነሉን ክፈፉን ሳትፈቱ በሩን ብቻ ክፈቱ። «ፌዴራል ፓሲፊክ» ወይም «ስታብ ሎክ» የሚል ካለ እንደሚቀየር ቁጠሩት። ብሬከሮቹ መዝጋት ሲገባቸው ባለመዝጋት ይታወቃሉ፤ ኢንሹራንሶችም አይወዱትም። ብዩን ወለሉ ላይ ልቀቁት። ከየክፍሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሮጠ ኮንትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት ስትራክቸራል ኢንጂነር ጥሩ። ዘጠኝ ኢንች በዘጠኝ ኢንች የሆኑ የድሮ ታይሎች አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። ሳይመረመሩ አትፋቋቸው።

ቤቱ የ1940ዎቹ ወይም የ50ዎቹ ከሆነ የፍሳሽ መስመሩን በካሜራ አስታዩ። ሃያትስቪል አካባቢ ያሉ ግቢያቸው ትልልቅ ዛፍ ያለው የጡብ ቤቶች ላይ ይህን መዝለል አያዋጣም። ሥሩ የሸክላውን ቧንቧ ሰብሮ ይገባል፣ ቁፋሮው ደግሞ መጠባበቂያችሁን በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል።

6. ውሉን፣ ታይትሉንና ኢንሹራንሱን አስተካክሉ

የኢንስፔክሽን ቀን ውሉ ውስጥ አስገቡ። አምስት ቀንም ቢሆን ለፍሳሽ ካሜራና ለኮንትራክተር ዋጋ ይበቃል። ለመጀመሪያ ቤት የፎርክሎዠር (በብድር ዕዳ የተያዘ ቤት የሚሸጥበት) ጨረታ አልመክርም። ውስጡን ሳታዩ ትገዛላችሁ፣ ሰው ሊኖርበት ይችላል፣ ማስወጣቱም ወራት ይወስዳል።

ታይትል ሰርች (የባለቤትነት መዝገብ ፍተሻ) ያልተከፈለ ታክስ፣ የውሃ ዕዳ፣ የድሮ ኮንትራክተር ክስ ያወጣል። የባለቤት ታይትል ኢንሹራንስ ግዙ። ባልቲሞር ከሆነ ግራውንድ ሬንት አለበት ወይ ብላችሁ በስቴቱ መዝገብ ላይ እዩ፤ መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ በየዓመቱ የሚከፈልበት ቤት እዚያ ብዙ ነው። ሲቲው ባዶ ቤት ብሎ ማስታወቂያ የለጠፈበት ከሆነ ደግሞ ከእድሳቱ በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ባዶ ቤት ላይ አይሠራም ወይም ብዙውን ነገር አይሸፍንም። እድሳት ላይ ላለ ባዶ ቤት የሚሆን ፖሊሲ ክሎዚንግ ቀን ይጀምር። ክረምት ከሆነ ማሞቂያውን 55 ፋራናይት ላይ ተዉት። አንድ ቧንቧ በረዶ ሆኖ ቢፈነዳ አዲሱን ወለል ይዞት ይሄዳል።

7. ሥራውን በዝርዝር ጽፋችሁ ኮንትራክተር ቅጠሩ

«ባኞውን ማደስ» ዝርዝር አይደለም። ገንዳው ይቀየራል? ቧንቧው እስከየት? ታይሉ እስከ ጣሪያ ነው? ሞዴሉ ምን ነው? ለሦስት ኮንትራክተር አንድ ዓይነት ወረቀት ስጡ። ያለዚያ ዋጋቸውን ማወዳደር አትችሉም። አበዳሪውም ድሮውን የሚለቀው በዚሁ ዝርዝር ነው።

ኮንትራክተሩ ኤም ኤች አይ ሲ የሚባለውን የሜሪላንድ ላይሰንስ መያዙን በስቴቱ የሌበር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ራሳችሁ ፈትሹ። የኢንሹራንስ ሰርተፊኬቱ ከራሱ ኤጀንት ቀጥታ ለእናንተ ይላክ። በሜሪላንድ ሕግ ሲፈርም ከጠቅላላው ዋጋ ከአንድ ሦስተኛ በላይ መቀበል አይችልም። እናንተ ከዚያም አሳንሱት፤ 10 በመቶ፣ ከዚያ በደረጃ። የመጨረሻውን 10 በመቶ የካውንቲው የመጨረሻ ኢንስፔክሽን እስኪያልፍ ያዙ። በእያንዳንዱ ክፍያ ላይ «ተከፍሎኛል፣ በቤቱ ላይ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት አስፈርሙ። ያልተከፈለው ሠራተኛ ወይም ዕቃ ሻጭ ቤቱን ሊያስይዘው ይችላል፤ ይህ የሚወጣው ደግሞ ልትሸጡ ስትደርሱ ነው። ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ደብሊው-9 (ስሙና የታክስ ቁጥሩ ያለበትን ቅጽ) ተቀበሉ።

የቤተ ክርስቲያን ወንድም ወይም አብሮ አደግ ቢሆንም ውሉ ያው ነው። ዝምድናውን የሚያቆየው ውሉ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የእርሳስ ቀለም ሕግ ይመለከታችኋል። ውስጥ በአንድ ክፍል ከ6 ካሬ ጫማ በላይ፣ ውጭ ከ20 ካሬ ጫማ በላይ ቀለም የሚነካ ሥራ፣ ወይም መስኮት መቀየር የኢ ፒ ኤ (የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) ሰርተፊኬት ባለው ድርጅት ይሠራል። «የራሴ ቤት ነው» የሚለው ነፃ ማድረጊያ ለሚኖርበት ሰው ነው። ገዝቶ አድሶ ለሚሸጥ አይሠራም። የእርሳስ ብናኝ ሕፃናትን ለዕድሜ ልክ ይጎዳል፣ ቤቱን የሚገዛችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ ልጅ ያለው ቤተሰብ ነው።

8. ፐርሚት አውጡ

ቀለም፣ ወለል፣ ካቢኔት መቀየር በአብዛኛው አይጠይቅም። መብራት፣ ቧንቧ፣ ማሞቂያ፣ ግድግዳ ማፍረስ፣ ቤዝመንት መጨረስ ይጠይቃል። በፕሪንስ ጆርጅስና በሞንትጎመሪ ካውንቲ የመብራቱ ከካውንቲው፣ የቧንቧና የጋዙ ግን ከደብሊው ኤስ ኤስ ሲ ዋተር (የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ) ነው የሚወጣው። ይህን ሳያውቁ ካውንቲው ዘንድ ሁለት ሳምንት የሚያቃጥሉ አሉ።

ቤዝመንት ውስጥ መኝታ ክፍል ልታወጡ ካሰባችሁ መስኮቱን ለኩ። ሰው በእሳት ጊዜ የሚወጣበት ክፍት ቦታ 5.7 ካሬ ጫማ (መሬት ደረጃ ላይ ላለ 5)፣ ቁመቱ ቢያንስ 24 ኢንች፣ ስፋቱ ቢያንስ 20 ኢንች፣ ከወለሉ እስከ መስኮቱ ጠርዝ ቢበዛ 44 ኢንች መሆን አለበት። ይህ ከሌለ መኝታ ክፍል ብላችሁ አትሽጡት። እዚያ የሚተኛ ሰው መውጫ የለውም።

9. ሥራውን በቅደም ተከተል አስኪዱ

ማፍረስ፣ ከዚያ ጣሪያና ውሃ የሚያስገባ ነገር ሁሉ፣ ከዚያ እንጨት ሥራው። ቀጥሎ ቧንቧ፣ የአየር ቱቦና የመብራት ሽቦ በግድግዳው ውስጥ። እዚህ ላይ ቁሙ። ኢንስፔክተሩ አይቶ ሳያሳልፍ ድራይዎል አይመታም። ከተመታ ያስፈርሳችኋል። ከዚያ ኢንሱሌሽን፣ ድራይዎል፣ ታይል፣ ካቢኔት፣ ቀለም፣ ወለል፣ በመጨረሻ መብራትና ፋውሴት።

ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ድሮው ስትጠይቁም፣ የገዢው ኢንስፔክተር ሲጠይቅም ማስረጃ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ራሳችሁ ሂዱ። የጭስ ማስጠንቀቂያዎቹ ባትሪያቸው የታሸገ፣ አሥር ዓመት የሚሠሩ ይሁኑ፤ ሜሪላንድ ይህን ትጠይቃለች።

10. ሽያጩና ታክሱ

ገዢያችሁ በኤፍ ኤች ኤ የሚገዛ ከሆነ ቀን ቁጠሩ። ቤቱን በእጃችሁ ካስገባችሁ 90 ቀን ሳይሞላ የሽያጭ ውል ከተፈረመ በኤፍ ኤች ኤ ብድር መግዛት አይችልም። ከ91 እስከ 180 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ዋጋው ከገዛችሁበት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛ አፕሬይዛል ይጠየቃል። በፕሪንስ ጆርጅስ ዋጋው መካከለኛ የሆነ ቤት የሚገዙ ብዙዎች ኤፍ ኤች ኤ ተጠቃሚ ስለሆኑ ይህ ለእናንተ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ከነሐሴ 2024 (በፈረንጆቹ ኦገስት) ጀምሮ የገዢው ኤጀንት ክፍያ ለብቻው የሚደራደሩበት ሆኗል። ሒሳባችሁ ላይ ግን ሙሉውን አስቀምጡት። የምታውቁትን የተደበቀ ጉድለት ደግሞ በጽሑፍ ግለጹ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግዴታ ነው።

የፍሊፕ ትርፍ ብዙውን ጊዜ እንደ ንግድ ገቢ ነው የሚታየው። ከመደበኛው የገቢ ታክስ በላይ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ ሊመጣ ይችላል። 1031 የሚባለው፣ ትርፍን ወደ ሌላ ቤት በማዞር ታክስ የሚያዘገይ ማዘዋወሪያ ለፍሊፕ አይሆንም። ከሽያጩ በፊት ሲፒኤውን አናግሩና ድርሻውን ለብቻው ሒሳብ አስቀምጡ። ቨርጂኒያ እየኖራችሁ ሜሪላንድ ያለውን ቤት ከሸጣችሁ ታይትል ካምፓኒው ክሎዚንግ ላይ ለስቴቱ ታክስ ሊቆርጥ ይችላል። ያንን ገንዘብ ለሚቀጥለው ቤት ዳውን ፔይመንት አድርጋችሁ ቃል አትግቡበት።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- ለራስ ጣዕም ማደስ። ጎረቤቱ ሁሉ ሩብ ሚሊዮን የሚያወጣ ሰፈር ውስጥ የእምነ በረድ ባኞ መሥራት ዋጋውን አይጨምረውም።
- መጠባበቂያውን ለውበት መጠቀም። ያ ገንዘብ ግድግዳ ሲከፈት ለሚገኘው ነው።
- የራስን ጉልበት በዜሮ ማሰብ። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ ራሳችሁ ቀለም እየቀባችሁ ሁለት ወር ካዘገያችሁ በምሳሌው ቤት ላይ 6,880 ዶላር ወለድና ወጪ ከፍላችሁበታል። ቀለም ቀቢ ከዚያ ያነሰ ሊጠይቃችሁ ይችላል።
- አንድ መውጫ ብቻ መያዝ። ባይሸጥ በኪራይ ሞርጌጁን ይሸፍናል ወይ? ከመግዛታችሁ በፊት የአካባቢውን ኪራይ ጠይቃችሁ ወረቀቱ ላይ አስፍሩት። አበዳሪውንም ወደ ረጅም ጊዜ ብድር ለመቀየር ምን እንደሚጠይቅ ያኔውኑ ጠይቁት።
- ደረሰኝ መጣል። የሆም ዲፖ ደረሰኝ በሙቀት ይጠፋል። የገዛችሁ ቀን ፎቶ አንሱት፣ በቤቱ አድራሻ ስም ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት።